ሰባተኛው ቦታ

አባቴን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «አንድ ቁጥር» እያለ ነበር። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ቢሆኑም ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ቃሉ ከአፉ አይጠፋም። ተስማምተው የሚኖሩ ባልና ሚስት ሲያይ «እነዚህ አንድ ቁጥር ናቸው» ይላል። ካልሲዬን አዘበራርቄ ስወጣ «ልጄ፣ እግሮችሽ አንድ ቁጥር አይደሉም» ብሎ ከበር ይመልሰኛል። እናቴ ደግሞ ሲነጫነጭባት «እኔና አንተን የገጣጠመን ሰው ቁጥራችንን ሳያይ ነው» ትለዋለች፤ ያኔ ይስቃል። አባቴ ሳቅ የሚቆጥብ ሰው ስለነበር እናቴ ያቺኑ ቀልድ ሃያ ዓመት ሙሉ ተጠቀመችባት።

ቃሉ የመጣው ከድሮ ሽጉጥ ነው። አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት በሙዚየም ምድር ቤት ውስጥ የድሮ ጦር መሣሪያ ሲያጸዳ፣ ሲጠግንና ሲመዘግብ ኖሯል። ከሁሉም አብልጦ የሚወደው፣ ወይም እኔ ይወዳል ብዬ የማስበው፣ የጥንት መኮንኖች ይታጠቁት የነበረውን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነበር። በዚያ ዘመን ማሽኑ እንደዛሬው አልረቀቀም። ክፍሎቹን በሞረድ እየሞረደ አንዱን ከሌላው ጋር የሚያስማማው ሰው ነው። ስለዚህ የአንዱ ሽጉጥ ክፍል ከሌላው ሽጉጥ ክፍል ጋር ሲያዩት መንታ ይመስላል፤ ሲገጥሙትም ይገባል፤ የጭንቅ ቀን ግን ይከዳል። ክፍሎቹ እንዳይጠፋፉ ፋብሪካው በእያንዳንዳቸው ላይ ያንኑ ቁጥር ይመታባቸዋል። በሁሉም ላይ ያው ቁጥር ከተገኘ ሽጉጡ ሳይደባለቅ የኖረ ነው ማለት ነው። በአባቴ ቋንቋ፣ አንድ ቁጥር።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ወድጄ አይደለም። ጡረታው ሲቃረብ የአባቴ ዓይን ደከመ። ለመሥሪያ ቤቱ መንገር ፈራ፤ ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እየሄድኩ ዓይን ሆንኩለት። እኔ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራዬም ቁጥር መለጠፍ ነው። ጨርቁ ተደራርቦ ሲቆረጥ የአንዱ ሸሚዝ እጅጌ ከሌላው ሸሚዝ ደረት ጋር እንዳይሰፋ እያንዳንዷ ቁራጭ ላይ ትንሽ ቁጥር እለጥፋለሁ። ነጭ ሁሉ አንድ ነጭ አይደለም፤ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ይለያል። ይህን መጀመሪያ የነገርኩት ቀን አባቴ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። «አየሽ፣ ዘር ከልጓም ይስባል» አለኝ።

ምድር ቤቱ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንገቱ የሚታጠፍ መብራት፣ የዘይት ሽታና በጣሪያው ላይ የሚንጎራጎር የውሃ ቧንቧ ነበረው። አባቴ ከጠረጴዛው ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እጆቹን ጭኑ ላይ ያደርጋል፤ እኔ እፈታለሁ፣ አነባለሁ፣ ካርድ ላይ እጽፋለሁ። ካርዱ ሰባት ሣጥን አለው፤ ለሰባት ቦታ።

«ከየት ልጀምር?» አልኩት በመጀመሪያው ቅዳሜ።

«ከሚታየው። የሚታየውን ሳትጨርሺ የተደበቀውን አትፈልጊ።»

የመጀመሪያው ቁጥር የሽጉጡ አካል ላይ ነው፤ ሁለተኛው አፈሙዙ ላይ፣ ከታች በኩል። ሦስተኛው ስድስቱ ጥይቶች በሚገቡበት ተሽከርካሪ ክፍል ላይ ነው፤ አባቴ «ከበሮው» ይለዋል። መሐሉን የሚይዘው ዘንግ ሲሳብ ከበሮው መዳፍ ላይ ዱብ ይላል። ከዚያ ቃታውን የሚከብበው ቀለበት አለ፣ የጎኑ ክዳን አለ፣ ጥይቱን የሚመታው መዶሻ አለ። በትንንሾቹ ላይ ሙሉ ቁጥሩ ስለማይበቃ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ብቻ ይመታሉ። እኔ ስድስትና ዘጠኝ ሁልጊዜ ይምታቱብኛል። «ስድስትና ዘጠኝ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ እግራቸውን ሳታዪ በስማቸው አትጥሪያቸው» ይለኛል።

ሰባተኛው ቦታ እጀታው ነው። የእጀታው እንጨት በብሎን ተይዟል፤ ቁጥሩ ያለው በእንጨቱ ውስጠኛ ፊት ነውና ብሎኑ ካልተፈታ አይታይም። ያ ብሎን ደግሞ እንጨቱ ውስጥ ስንት ዘመን የተቀበረ ስለሆነ ሲዞር ቀጭን፣ ጥርስ የሚያጠርስ ድምፅ ያወጣል። አባቴ «አለቀሰ» ይላል።

«እንጨቱ ሳያለቅስ አንድ ቁጥር ነው እንዳትዪ» አለኝ ያን ቀን። «አጭበርባሪና ችኩል፣ ሁለቱም እዚያ ድረስ አይሄዱም።»

እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ። አባቴ ገና ከልጅነቴ ጀምሮ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለ ነው ያሳደገኝ፤ እኔም እያፈሰስኩ እየለቀምኩ አደግሁ። በየሽጉጡ መጨረሻ ላይ፣ ሰባቱን ካነበብኩ በኋላ፣ አባቴ አንድ ጥያቄ አይቀረውም፦ «ሌላስ?» ከካርዱ ግርጌ «ሌላ ምልክት» የሚል መስመር ስላለ ነው። አንዳንዱ ሽጉጥ ላይ ጭረት ይኖራል፣ አንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ ግን «ሌላ የለም አባዬ» እለውና ወደሚቀጥለው እንሄዳለን።

አዲስ ሣጥን በመጣ ቁጥር ደግሞ ገና ክዳኑ ሳይከፈት «7316 አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የለም። ሁልጊዜ የለም። የቤታችንን ስልክ ቁጥር የሚረሳ ሰው ያን ቁጥር በእንቅልፉም አይስተውም።

ምን እንደሆነ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ አንድ እሑድ ድንች እየላጥን። «አባትሽ ሆድ ይፍጀው ብሎ የያዘውን ነገር እኔ ልንገርሽ» አለችኝ፤ «ሆዱን እየፈጀው ስለሆነ።»

አባቴ በሃያ ሁለት ዓመቱ የጦር ሠፈር መሣሪያ ጠጋኝ ነበር። ታላቅ ወንድሙ በዚያው ጦር ውስጥ መቶ አለቃ ነበር፤ አባቴ «ጋሼ» ይለዋል። ወላጆቻቸው ቀድመው ስለሞቱ ጋሼ ለአባቴ ወንድምም አባትም ነው። ፊደል ያስቆጠረው እሱ፣ የመጀመሪያ ጫማውን ያደረገለት እሱ፣ ሙያውን የመረጠለትም እሱ። ጋሼ ግራኝ ነበር። የሽጉጡ እጀታ ጠርዝ መዳፉን ይልጠው ስለነበር አባቴ እንጨቱን ፈትቶ ለግራ እጅ እንዲመች አድርጎ ሞረደለት። የመንግሥት መሣሪያ መነካካት ያስቀጣል፤ መሞረድ፣ መጫጫር፣ መጻፍ ክልክል ነው። ለጋሼ ሲል ግን አደረገው።

ከዚያ አንድ ቀን የበላይ አዛዥ በድንገት ሊጎበኝ ነው ተባለ። አሥራ ሁለት የመኮንኖች ሽጉጥ እስከ ምሳ ሰዓት ጸድቶ እንዲቀርብ ትእዛዝ ወጣ። ደንቡ አንድ በአንድ ነው፦ ትፈታለህ፣ ታጥባለህ፣ ትገጥማለህ፣ ከዚያ ሌላውን ታነሳለህ። አባቴ ጊዜ አጠረውና የአሥራ ሁለቱንም ከበሮ አውጥቶ አንድ ሳፋ ጋዝ ውስጥ ነከረ። ሲገጥም ቁጥር እያየ ነበር። የአዛዡ መኪና ጥሩምባ ሲሰማ ግን ሦስት ወይም አራት ሽጉጥ ቀርቶት ነበር፤ እነሱን ቁጥር ሳያይ በዓይኑ ገምቶ ገጠማቸው። ገቡ። ተሽከረከሩ። አዛዡም አይቶ ረክቶ ሄደ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች እናቴ፣ ቢላዋዋን አስቀምጣ።

በዘጠነኛው ቀን ጋሼ ውጊያ ላይ ሞተ። አጠገቡ የነበረ ወታደር መጥቶ ለአባቴ ነገረው፤ ለማን ምን እየነገረ እንደሆነ ሳያውቅ። «መቶ አለቃው ቃታውን ሳቡ፤ ሽጉጡ ዝም አለ። ደግመው ሳቡ። ዝም አለ።» ሽጉጡ ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ተሰብስቦ ከመጋዘን ወደ መጋዘን ሄደ፤ አባቴ ዳግም አላየውም።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። በጋሼ ሽጉጥ ውስጥ የነበረው ከበሮ የራሱ ከሆነ የከዳው ጥይቱ ነው፤ እርጥበት ይሆናል፣ ዕድል ይሆናል። የሌላ ሽጉጥ ከበሮ ከሆነ ግን ወንድሙን የገደለው አባቴ ነው። የጋሼ ሽጉጥ ከቀሩት ሦስት አራት ውስጥ ይሁን አይሁን አባቴ ማስታወስ አልቻለም። ሙዚየም የገባውም ለዚህ ነው፤ የድሮ መሣሪያ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚያ ነው ብሎ።

ይህን ስሰማ አለቀስኩ ብል ደግ ነበር። ተናደድኩ። አዛዡ ላይ፣ ጥሩምባው ላይ፣ በአንድ ሳፋ ጋዝ ምክንያት የሰው ዕድሜ በሙሉ እንዲህ መነከሩ ላይ ተናደድኩ። ያን ጊዜ ልቤ ውስጥ የገባው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ያ ሽጉጥ ከመጣ አባቴን ነፃ የማወጣው እኔ ነኝ።

ሽጉጡ ከመምጣቱ በፊት ግን አንድ በደል ሠርቻለሁ፤ እሱን ሳልናገር መቀጠል አልችልም። እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች አንድ ጠዋት ሞተች። አባቴ ቤት ነበር። ደውሎ «እንዴት አደረች?» ሲለኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ደህና ናት፣ ክፍል ቀይረውላታል፣ አሁን ተኝታለች» አልኩት። ወንድሜ ከሥራው እስኪመጣና አብረን እስክንነግረው ድረስ ብዬ ነው። እሱ ግን ክፍል ከተቀየረላት ነጠላ ጫማዋን ትፈልጋለች ብሎ በፌስታል ይዞ፣ በዚያ ደካማ ዓይኑ ግድግዳ እየዳበሰ መጣ። የነገረችው ነርሷ ናት። ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ፌስታሉን እንደያዘ ቆሟል።

«ሁለተኛ እንዲህ አታድርጊኝ» ብቻ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ክፉ ወሬ ሳመጣለት ወዲያው ያምነኛል። ደግ ወሬ ሳመጣለት ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ድምፄን ያዳምጣል።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ዓይኑ ጨርሶ ጠፋ። የስኳር ሕመሙም ጣቶቹን አደነዘዛቸው፤ ትኩስ ብርጭቆ ይዞ ትኩስ መሆኑን የሚያውቀው ከንፈሩ ሲነካው ነው። የቀረው ጆሮው ነበር። በደረጃው ላይ የእኔንና የወንድሜን ጫማ ይለያል፤ ጎረቤት የሚጠቀመውን የቁልፍ ዓይነት ከድምፁ ይናገራል። «የተረፈኝን ልሥራበት እንጂ» ይላል ስንስቅበት።

አንድ ረቡዕ ፋብሪካ ሳለሁ የሙዚየሙ ዕቃ ክፍል ኃላፊ ደወለችልኝ። አባቴ «ወይዘሮ ቁልፍ» የሚላት ናት፤ ቁልፎቿን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትዞር፣ ለገዛ ጥላዋ እንኳ ሳታስፈርም ዕቃ የማትሰጥ ቀጥ ያለች ሴት።

«ከተዘጋ መጋዘን የመጡ መሣሪያዎች አሉ» አለችኝ። «አንዱ 7316 ነው። ከሰዓት በኋላ ታሽጎ ወደ ሌላ ማከማቻ ይሄዳል። አባባን ይዘሻቸው ድረሺ።»

ፈቃድ ጠይቄ በረርኩ። አባቴ ሲሰማ ሙሉ ልብሴን አምጪልኝ አለ። መንገድ ላይ እጄን ይዞ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ደረስን።

ምድር ቤቱ እንዳለ ነው፤ ቧንቧው እንኳ ማንጎራጎሩን አልተወም። አባቴ የድሮ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወይዘሮ ቁልፍ ሽጉጡን አምጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ወደ ግራ እጁ አዛወረው። እጀታውን ያዘ፤ በደነዘዙ ጣቶቹ ሳይሆን በመዳፉ ክብደቱን መዘነ።

«ጋሼ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋው። «አንብቢ።»

ከሚታየው ጀመርኩ። አካሉ 7316። አፈሙዙ 7316። ወይዘሮ ቁልፍ ካርዱን ይዛ የምጠራላትን ትጽፋለች። ወደ ከበሮው ስደርስ ዘንጉ አልወጣ አለ፤ ዘይት ጨመርኩበት፤ ተሳበ፤ ከበሮው መዳፌ ላይ ዱብ አለ። ጥቁር ነው፣ ቆሻሻ ጋግሮበታል። በብሩሽ ፈተግኩት። ሰባት ወጣ። ሦስት ወጣ። አንድ ወጣ። የመጨረሻው ክብ ነገር ነው። መብራቱን ሳብኩና እግሩን አየሁ። አንዴ አይደለም፣ አራት ጊዜ አየሁ። ስድስት ነው።

«አባዬ፣ ከበሮው ሰባት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ነው» አልኩ። እንባዬ ጠረጴዛው ላይ ይወርዳል። «የራሱ ነው። ትክክለኛውን ነው የገጠምክለት።»

አባቴ አልተንቀሳቀሰም። «ቀጥይ» አለኝ።

ቀለበቱ 16። የጎን ክዳኑ 16። መዶሻው 16። ከዚያ እጀታው። የብሎኑን ራስ ዝገት በልቶታል፤ መፍቻው እየሾለከ አስቸገረኝ። ከደረጃው በኩል የሚያሽጉት ሰዎች ድምፅ ተሰማ። ወይዘሮ ቁልፍ ሰዓቷን አየች። እኔም በልቤ አሰብኩ፦ የሚፈለገው ከበሮው ነበር፣ ከበሮው ተገኘ፤ እንጨቱ ምን ይጨምራል? ይህ ሰው አርባ አራት ዓመት ጠብቋል፤ በአንድ የዛገ ብሎን ምክንያት ለምን አንድ ደቂቃ ይጨመርበት? መፍቻውን በቀስታ አስቀመጥኩ።

«እጀታውም 16» አልኩ አፌን ሞልቼ። «ሰባቱም አንድ ቁጥር ነው አባዬ።»

ወይዘሮ ቁልፍ ብዕሯን አንስታ አየችኝ። በዓይኔ ለመንኳት። ዝም አለች።

አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆየ። ከዚያ «ሌላስ?» አለ።

የልማዱን የጠየቀኝ መሰለኝ። «ሌላ የለም» አልኩት። «አለቀ።»

እጁን ዘርግቶ አየር ላይ ፈለገኝ፤ ጠጋ ስልለት ጭንቅላቴን ዳበሰ። «ተባረኪ፣ ልጄ» አለ። «አንቺ ደግ ልጅ ነሽ።»

ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ሳስበው አሁን ያሳፍረኛል። ለወንድሜ ደወልኩ፣ ለአክስቴ ደወልኩ። እናቴ በሕይወት ብትኖር እያልኩ ማታ ብቻዬን ስቄ አልቅሼ አደርኩ። አባቴ አንድ ቁጥር ሆነ፣ ተገላገለ፣ ብዬ ነበር።

አልተገላገለም። ከዚያን ቀን ወዲያ ምግቡን ይነካካዋል እንጂ አይበላም። ሬዲዮ አይከፍትም። «7316 አለ?» ማለቱን ተወ፤ ይህስ ይገባኛል። «አንድ ቁጥር» ማለቱንም ጭምር ሲተው ግን ግራ ገባኝ። አንድ ቀን ሆን ብዬ የተለያየ ካልሲ አድርጌ፣ «አባዬ፣ እግሮቼ ዛሬ አንድ ቁጥር አይደሉም» አልኩት። «ይሁን፣ ማን ያይሻል» አለኝ።

በአራተኛው ወር ከአልጋ መነሳት አቃተው። አንድ ከሰዓት በኋላ አንሶላ ይዤ ስገባ እየተናገረ ነው። «ጋሼ፣ ይቅር በለኝ» ይላል። «ቸኩዬ ነው ጋሼ። ይቅር በለኝ።»

አንሶላውን ወለሉ ላይ ጣልኩት። ሐዘን ሲበዛብኝ ወደ ቁጣ ነው የምሄደው። «አባዬ፣ ነገርኩህ እኮ» አልኩ። «በዓይኔ አየሁት። ከበሮው የራሱ ነው። ምን አድርጌ ላሳምንህ?»

«አዎ፣ ነግረሽኛል» አለ፤ ለሕፃን እንደሚናገር ሰው ለስለስ አድርጎ።

«በእናቴ አፈር እምልልሃለሁ።»

«እናትሽንም ክፍል ቀይረውላታል ብለሽኝ ነበር» አለ። ቁጣ የለበትም። የሚያጽናናኝ ይመስል ነበር።

ወይዘሮ ቁልፍን ላምጣልህ ስለው «ሰው አታስቸግሪ» አለኝ። ሁለት ቀን ቆይቶ በጠዋት፣ ወንድሜ ፂሙን ሊላጭለት ውሃ እያሞቀ ሳለ ሞተ። ወንድሙን ገድያለሁ ብሎ እያመነ ሞተ። አልገደለም። እኔ አውቃለሁ፤ እሱ ግን አላወቀም።

ሁለት ወር ያህል አለፈ። ፋብሪካ እውላለሁ፣ ቁጥር እለጥፋለሁ፣ ቤት እገባለሁ። ለምን አላመነኝም እያልኩ እብሰለሰላለሁ። አንድ ውሸት፣ ያውም ለደግ ብዬ የዋሸሁት፣ ስንት ዓመት ያስከፍላል እያልኩ ሟቹን እወቅሳለሁ። ከዚያ ወይዘሮ ቁልፍ ደወለች።

«የዚያ ሽጉጥ ካርድ አልተሟላም» አለች። «ሰባተኛው ሣጥን ባዶ ነው።»

«16 ብለሽ ጻፊበት።»

«ያላየሁትን አልጽፍም፣ እህቴ። ያን ቀን ለሳቸው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ አልጻፍኩም። ነይና ፍቺው።»

ካርዱን እየረገምኩ ሄድኩ። አዲሱ ማከማቻ ነጭ ግድግዳና ነጭ መብራት ያለው፣ ምንም የማይሸት ክፍል ነው። ወይዘሮ ቁልፍ ከዋዜማው ብሎኑ ላይ ዘይት አፍስሳበት ነበር። እኔም የአባቴን መፍቻ ይዤ ሄጃለሁ፤ እጀታው በእሱ መዳፍ የተበላውን። ብሎኑ ራስ ላይ ደገፍኩትና በሙሉ ጉልበቴ አዞርኩት።

አለቀሰ።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥርስ የሚያጠርስ። ክፍሉን ሞላው። መፍቻውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ያን ቀን ይህ ድምፅ አልነበረም። አባቴ ሁለት እርምጃ ርቆ ተቀምጦ፣ ከጆሮው በቀር ምንም ሳይቀረው፣ ዘንጉ ሲሳብ ሰምቷል፣ ከበሮው ዱብ ሲል ሰምቷል፣ ብሩሹን ሰምቷል። ከዚያ እንጨቱ ሳያለቅስ «እጀታውም 16» ስል ሰማኝ። ያላየሁትን አየሁ ስል ሰማኝ። ሰባተኛውን ከዋሸሁ ሦስተኛውን ለምን ያምነኛል? ስድስት እውነት ነግሬው በሰባተኛዋ ሁሉንም አረከስኩበት። አርባ አራት ዓመት ምናልባት ይሆናል ምናልባት አይሆንም እያለ የኖረው ሰው፣ ልጁ ልትዋሸው መገደዷን ሲሰማ፣ ያኔ እርግጠኛ ሆነ።

«ደህና ነሽ?» አለችኝ ወይዘሮ ቁልፍ።

ራሴን ነቀነቅሁና ጨረስኩት። ብሎኑ ወጣ፤ እንጨቱ ተላቀቀ። ገለበጥኩት። 16። እግሩን አየሁ፤ ስድስት ነው። ወይዘሮ ቁልፍም ጎንበስ ብላ አየችና ሰባተኛው ሣጥን ውስጥ ጻፈች።

ከቁጥሩ ሥር ግን ሌላ ነገር አለ። ሐምራዊ እርሳስ ነው፣ በምራቅ ረጥቦ የሚጽፈው ዓይነት፤ እንጨቱ ጠጥቶት ይዞት ኖሯል። ሦስት ፊደል። «ጋ»ዋ እግሯን አስረዝማ ወደ ውስጥ ታጥፋለች፤ በትምህርት ቤት ደብተሮቼ ሽፋን ላይ ስሜን ሲጽፍልኝ «ጋ» ባጋጠመው ቁጥር እንዲሁ ነበር የሚያጥፋት። እጀታውን ለግራ እጅ የሞረደ ዕለት የጻፈው ነው፤ መጻፍ እንደሚያስቀጣ እያወቀ፣ ማንም በማያይበት ፊት ላይ። ለእናቴ አልነገራትም፤ ለእኔም አልነገረኝም። በዓለም ላይ ይህን ቃል የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። ያን ቀን ብሎኑን ፈትቼ ይህን ባነብለት ከልቧ ፈጥራ ነው የማይለው አንድ ነገር ይህ ነበር። አንገቱን ዘንበል አድርጎ የጠበቀውም ይህችን ቃል ነው። እኔ የልማዱን የጠየቀኝ መስሎኝ ነበር።

ወይዘሮ ቁልፍ ብዕሯን ወደ መጨረሻው መስመር አወረደች። «ሌላስ?» አለችኝ።

«‹ለጋሼ› ይላል» አልኩ።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ሁለት እርምጃ ርቆ የተቀመጠ ዓይነ ስውር እንዲሰማኝ አድርጌ።